አዳማ ላይ የድንጋይ ድልድይ ማሠራት ለምትፈልጉ፦ ስለ ሰላሌው ግንበኛና ስለ ቡድኑ

ስለ አዳማ ጎርፍ ለአዳማ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከተማችን ዙሪያዋን ኮረብታ ነው። ክረምት ሲገባ ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ መሄጃው በእኛ በኩል ነው። አፈሩ ደግሞ ከድሮ እሳተ ገሞራ የቀረ፣ አመድ የበዛበት ነው። በበጋ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ውሃ ሲያገኘው ይሟሟል። በሰፈራችን ጫፍ የነበረው ትንሽ ቦይ በዚህ ምክንያት ከዓመት ዓመት እየሰፋ ገደል ሆኖ ቀረ።

ከዚህ በፊት አንድ ተቋራጭ ሁለት የኮንክሪት ቱቦ ቀብሮ፣ አፈር ደልድሎበት ሄዶ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ቱቦዎቹ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ በፌስታልና በቅርንጫፍ ተደፈኑ። ውሃው መውጫ ሲያጣ በላይ ሄደ፤ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ባጃጅ አይገባም። ልጆች ዝናብ በጣለ ቁጥር ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ሰው ሲሞትብን አስከሬን ተሸክመን በታች በኩል ዞረን ነበር የምንሄደው። ይሄ ነው ዕድራችንን በመጨረሻ ያንቀሳቀሰው። ገንዘብ አዋጣን፣ ከወረዳው ፈቃድ አወጣን፣ ሠሪ መፈለግ ጀመርን።

የሠሩልንን ሰዎች ስም አልጽፍም። ድርጅት አይደሉም፣ ቢሮም ሰሌዳም የላቸውም። አለቃቸው በዕድሜ የገፋ የሰላሌ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይለዋል፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ደግሞ ኦቦ። ከሥሩ ሁለት ጠራቢዎች፣ አንድ የኮንሶ ወጣትና እንደ ሥራው ብዛት የሚጨመሩ የቀን ሠራተኞች አሉ። አንድ የዕድራችን አባል የቤተ ክርስቲያን አጥር ሲሠሩ አይቷቸው ነው ያመጣቸው። እኔ ጡረታ እስክወጣ በመንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ነበርኩ። ጎጃምና ጎንደር ብዙ ተዘዋውሬያለሁ፣ ድልድይም ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ዕድሩ ሥራውን እንድከታተል ወከለኝ። የምጽፈው ቆሜ ያየሁትን ነው።

ጋሼን ወዲያው ያመንኩት በመጀመሪያው ቀን ነው። ሌሎች ያነጋገርናቸው ሰዎች ገደሉን አሻግረው አይተው ዋጋ ጠሩ። እሱ ዋጋ አልጠራም። «ክረምት ላይ ውሃው እስከየት ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀ። እዚያው ጥግ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች፤ እሷን አስጠራ። እሷ የዛፉን ሥር አሳየችው። ከዚያ ራሱ ገደሉ ውስጥ ወርዶ ግድግዳው ላይ የተጣበቀውን ደረቅ ሣርና ፌስታል እያየ፣ የጎርፉን ከፍታ በክር ለካ። «እትዬ፣ ውሃውን ሳላውቅ ዋጋ አልናገርም» አለኝ። ማታ ለባለቤቴ ሰው አገኘን አልኩት።

ቀጥሎ የመጣው ቁፋሮ ነው። እዚህ ላይ ሰፈሩ ተንጫጫ። ጋሼ የድልድዩን ሁለት ትከሻዎች የሚያሳርፍበትን መሠረት ሁለት ሜትር ድረስ አስቆፈረ። አመዳም አፈሩ አለቀ፣ ቢጫ አፈር መጣ፣ እሱም አላረካውም። ዶማው ድንጋይ መትቶ እስኪጮህ ድረስ አላቆመም። «ገንዘባችንን መሬት ውስጥ ቀበረው» ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ድልድይ ወደቀ ሲባል ሰው ሁሉ ቅስቱን፣ እንደ ቀስት የጎበጠውን የላይኛውን ግንብ ነው የሚያማው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው እግሩ ሥር ነው። ውሃው አሸዋውን ከሥሩ እያጠበ ይወስዳል፣ መሠረቱ ባዶ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ይበቃል።

ለዕድሩ ሰዎች የአላታን ድልድይ አነሳሁላቸው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ከፏፏቴው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ብዙ ሰው የፋሲል ድልድይ ይለዋል። ያሠራው ግን አባቱ ዐፄ ሱስንዮስ ነው፣ በ1626 እ.ኤ.አ.። በአገራችን ከሚታወቁት የድንጋይ ድልድዮች የመጀመሪያው እሱ ነው። አራት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የገበያ ቀን አህያ ከነጭነቱ ሲሻገርበት በዓይኔ አይቻለሁ። ያቆየው ምንድነው ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ቦታው ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት ነው። ዓባይ ያን የሚያህል ወንዝ እዚያ ጋ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል። ድልድዩ በሁለቱም በኩል የተቀመጠው በዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ግንበኞቹ መጀመሪያ ቦታ መረጡ። እኛ ቦታ የመምረጥ ዕድል የለንም፤ ገደሉ ያለው ሰፈራችን ውስጥ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን ቆፍረን ማግኘት ነበረብን። ይሄን ስነግራቸው ጭቅጭቁ ቀዝቀዝ አለ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ለቅስቱ የመጣው ጥቁር ድንጋይ ነው። መኪናው ሲያራግፍ ጋሼ መዶሻውን ይዞ አጠገቡ ቆመ። እያንዳንዱን ድንጋይ መታ መታ ያደርጋል፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ። ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ድፍን ያለ፣ የታፈነ ድምፅ የሰጠው ውስጡ ስንጥቅ አለው ማለት ነው፤ ወደ ግራ። የግራው ክምር ቀላል አልነበረም። ባለመኪናው ተቆጣ፣ ጋሼ አልመለሰለትም። የተጣለውም ቢሆን አልባከነም፣ ለጎን ግድግዳ መሙያ ሆነ። ቅስቱ ላይ ግን አንድም አልገባም።

ጠራቢዎቹ እያንዳንዱን የቅስት ድንጋይ በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ አድርገው ያወጡታል። ድፎ ዳቦ ሲቆረስ የሚወጣውን ቁራሽ አስቡት። ሰፊው ጎን ወደ ላይ፣ ጠባቡ ወደ ታች። ድንጋዩ በራሱ ክብደት ወደ ታች ልውረድ ሲል ግራና ቀኝ ያሉት ይይዙታል፤ ክብደቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተገፋ ትከሻው ድረስ ይወርዳል። ሁሉም ድንጋይ ይጨመቃል እንጂ አንዱም አይለጠጥም። ድንጋይ መጨመቅን ይችላል፣ መለጠጥን አይችልም። ለዚህ ነው ፌሮ የማያስፈልገው። ይሄ ነገር የሰፈሩን ወጣቶች በጣም አስጨንቋቸው ነበር። «ያለ ፌሮ ባጃጅ ያልፋል ወይ?» አሉ። ለአራት ሜትር ያህል ስፋት፣ በዚህ ድንጋይና በዚህ መሠረት፣ የሲሚንቶ መኪናም ያልፋል። ፌሮ የሌለው ነገር ደግሞ አይዝግም።

ቅስቱ እስኪገጥም የሚሸከመው የእንጨት ማቆሚያ ነው። አጠና አቆሙ፣ በላዩ ሞራሌና ጣውላ በቅስቱ ቅርፅ ቀጠቀጡ። ከእያንዳንዱ አጠና ሥር ሽብልቅ አስገቡ። ድንጋዩ ከሁለቱም ትከሻ እኩል እኩል ነው የሚደረደረው፤ አንዱ ወገን ከቀደመ እንጨቱ ያጋድላል። በመጨረሻ መሀል ላይ አንድ ክፍተት ይቀራል። የቁልፉ ድንጋይ ተለክቶ የተጠረበው ለዚያ ክፍተት ብቻ ነበር። ሲገባ በእንጨት መዶሻ ነው የመቱት፣ ቀስ እያሉ።

ስለ ሞርታሩ፣ ድንጋዩን ከድንጋይ ስለሚያያይዘው ቡኮ፣ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ። ጋሼ ሲሚንቶ ብቻ አልተጠቀመም። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራ፣ ስድስት እጅ የታጠበ አሸዋ ነው ያቦካው። ኖራ የገባበት ሞርታር ቶሎ ድርቅ አይልም፣ ሲደርቅም ግትር አይሆንም። ድልድይ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ በፀሐይ ይሰፋል፣ በብርድ ይኮማተራል። ግትር ሞርታር ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውሃ ያስገባል። አሸዋውንም ዝም ብሎ አልተቀበለም። በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ ጨመረ፣ ውሃ ሞላበት፣ በጥብጦ አስቀመጠው። አሸዋው ከታች ሲረጋ ከላዩ ወፍራም ጭቃ ሠራ። «ይሄ አፈር ነው፣ መልሱት» አለ። በዚህ የተነሳ ሥራው ቆመ፣ ሁለተኛው መኪና እስኪመጣ ጠበቅን። ሰዎች ተማረሩ። እኔ በዚህ አላማርርም።

ኖራ ለድልድያችን ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። ከአላታ ድልድይ በፊት ትልልቅ ወንዞቻችን ላይ እንዲህ ያለ ቅስት ያልተሠራው ድንጋይ ጠፍቶ አይደለም፤ ላስታ ላይ ተራራ ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ያወጡ እጆች ነበሩን። የጎደለው አያያዡ ነው። በሱስንዮስ ዘመን የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደጻፈው፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ የተገኘው እዚያው አጠገብ፣ አላታ በምትባለው ትንሽ ወንዝ ዳር ነው። ሥራውን የመራውም ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴስ ጋር ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነበር። ፋሲል ካቶሊኮቹን ከአገር ሲያስወጣ ሙያው አብሮ አልወጣም። እዚህ ቀረ፣ ጎንደር ላይ ግንብ ሆነ፣ ወንዞች ላይ ድልድይ ሆነ። ለእኔ ከዚያ ዘመን የሚያኮራኝ ይሄ ነው፤ የመጣውን ሙያ የራሳቸው አድርገው ይዘው ቀጠሉ።

እንቁላሉንም ልንገራችሁ፣ ሥራው ላይ በየቀኑ ይነሳ ስለነበር። ድልድዩ በእንቁላል ነው የተሠራው የሚባል ወሬ በየአገሩ አለ። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን፣ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ የሚለውን፣ በሰጎን እንቁላል ነው የተሠራው ይባላል። ጋሼ ያደገው እዚያ አካባቢ ነው። ልጅ ሆኖ ከብት አሻግሮበታል፤ ጭላዳዎቹ ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጠው ያዩት ነበር። አንድ ጎረቤታችን «የፖርቱጋሎቹ ሥራ እኮ ነው» ሲለው ሥራውን አቁሞ ቀና አለ። «የምን ፖርቱጋል! ራስ ዳርጌ ናቸው ያሠሩት» አለ። ትክክል ነው። ራስ ዳርጌ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የምኒልክ አጎት፣ የሰላሌ ገዥ ነበሩ፤ ድልድዩም የ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሥራ ነው። ፖርቱጋሎቹ ከወጡ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። የአገሩ ሰው ጠርቦ፣ የአገሩ ሰው አቡክቶ ያቆመውን ለሌላ ስንሰጠው እሱን ያመዋል። እኔንም ያመኛል።

ማቆሚያው የወረደበት ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ሞርታሩ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቷል። ጋሼ ከቅስቱ ሥር አንድ ቀጭን ክር በአግድም ወጠረ። ከዚያ ሁሉንም ሰው አርቆ፣ ራሱና አንድ ጠራቢ ብቻ ገቡ። ሽብልቆቹን አንድ በአንድ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ መታ መታ አደረጉ፣ ትንሽ ትንሽ። አንዱንም ሙሉ በሙሉ አላወጡም። እንደገና ዞሩ። በሦስተኛው ዙር ጣውላው ከድንጋዩ ተላቀቀ፤ በመሀላቸው ቀጭን ብርሃን ገባ። ቅስቱ አንድ ጊዜ ጠቅ አለ። ጋሼ ወደ ክሩ ሄዶ ለካ። የወረደው ከጣቴ ጥፍር ውፍረት አይበልጥም። «ተቀመጠ» አለ። ሴቶች እልል አሉ።

በዚያ ቀን አንዱ ልጅ «አንድ ድንጋይ ቢወጣስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን የሚያውቁት ሞጣ አካባቢ ያሉ ሰዎች ናቸው። እዚያ በዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ፣ በፋሲል ዘመን በ1660 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራ፣ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሀሉ ተሰበረ። ጎንና ጎኑ ቆሞ ቀረ። ሰው ግን መሻገሩን አልተወም። ወዲህና ወዲያ ጎበዞች ቆመው ገመድ ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ገመዱን ታጥቆ በክፍተቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ሥሩ ዓባይ ነው። ለአሥርት ዓመታት እንዲህ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ይህን በፎቶ አይቶ ሰዎች አሰባሰበ፣ ክፍተቱ በብረት ተገጠመ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጎርፍ ብረቱን አበላሸው፣ በኋላ ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ሰባራ ድልድይን ሳስብ የገመዱ ጎበዞች ናቸው ቀድመው ትዝ የሚሉኝ። አንድ ቅስት ሲጎድል የሚጎድለው ገበያ ነው፣ ሐኪም ነው፣ ሠርግ ነው። ባጃጅ የማይገባበት ሰፈር ይሄን ለማወቅ ዓባይ አያስፈልገውም።

የኮንሶውን ወጣት ሳላነሳ ባልፍ አይሆንልኝም። የቅስቱ ሥራ የእሱ አልነበረም። ከድልድዩ ግራና ቀኝ ያለውን ዳርቻ የሚይዘውን ግድግዳ ነው የሠራው፣ ያለ ሞርታር፣ ድንጋይ በድንጋይ። የኮንሶ እርከን በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህ ልጅ ግን ሙያውን የተማረው ከአባቱ ማሳ ላይ ነው። ድንጋዩን ያገላብጣል፣ ፊቱን ይፈልጋል፣ ያስቀምጣል፣ ደግሞ አይነካውም። ግድግዳውን ትንሽ ወደ ዳገቱ አጋድሎ ነው የሠራው። ሞርታር ስለሌለው ከጀርባው የሚመጣው ውሃ በየክፍተቱ ይወጣል፤ ተጠራቅሞ አይገፋውም። ከቡድኑ ሁሉ በጣም የተደነቅኩበት ሥራ የእሱ ነው።

ክረምቱ መጣ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዝናቡ አላባራ አለ። ጠዋት ስንወጣ ውሃው ከቅስቱ ጫፍ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ አልፏል፤ ምልክቱ ድንጋዩ ላይ አለ። አንድ ሙሉ ግንድ ከነሥሩ በሥሩ አልፎ ታች ተጋድሟል። በቱቦው ጊዜ ቢሆን ያ ግንድ ብቻውን ይደፍነው ነበር። መሠረቱን ወርጄ አየሁ፣ አልታጠበም። ላዩ ላይ ያነጠፉት ኮብልስቶንም አልሰመጠም፣ ገረጋንቲውን በየንብርብሩ ስለደቀደቁት።

ቅሬታ አለኝ፣ እጽፈዋለሁ። አንደኛ፣ የጎን መከታው አጭር ነው። ለአዋቂ ጉልበት በታች ይሆናል። ጋሼ የአገር ቤት ድልድዮችን ልክ ነው የያዘው፤ ከተማ ውስጥ ግን ብስክሌት የሚነዳ ልጅ አለ። ሁለተኛ፣ የውጭውን ስቲላቱራ፣ በድንጋዮቹ መሀል ፊት ለፊት የሚታየውን መሙያ፣ ሠራተኞቹ በሲሚንቶ ብቻ ጨረሱት፣ ለዓይን እንዲያምር ብለው። ውስጡ በኖራ ተሠርቶ ፊቱን በግትር ሲሚንቶ መዝጋት ልክ አይደለም፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ተናግሬ ነበር፣ ግማሹ ከተሠራ በኋላ ሆነ። ሦስተኛ፣ ሲጨርሱ የጥርብ ፍርካሹን ቦዩ ውስጥ ጥለው ሄዱ። እኛ ነን ያወጣነው። አራተኛ፣ ጋሼ ወረቀት አይወድም። ሁሉ ነገር በቃል ነው። እምነት ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ያዋጣበት ገንዘብ ላይ ግን ወረቀት ያስፈልጋል። ዕድሩ ውል ጽፎ ሲሰጠው ፈረመ፣ አልተከራከረም።

ዋጋ ለምትጠይቁኝ፣ ቁሳቁስ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥር ብጽፍ ያሳስታችኋል። የእጅ ዋጋው ለግንብ በሜትር ኪዩብ ነው፤ ቅስቱን ለብቻ ይደራደራል። ከጠቅላላው ወጪ የእጅ ዋጋው ከግማሽ በታች ሆነ። ትልቁን የበላው ድንጋይና ማጓጓዣ ነው። ከአርማታ ሶሌታ፣ በፌሮ ከሚሠራ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ወለል፣ ጋር አወዳድረነው ነበር፤ ፌሮ ስለሌለው ብዙ ቀነሰልን፣ ጊዜ ግን ወሰደ። በጥድፊያ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቡድን አይሆንም።

ልታሠሩ የምታስቡ ካላችሁ ከመስከረም በፊት አነጋግሩት። ጥቅምት ከገባ ሥራ ይበዛበታል፣ ቁፋሮው ደግሞ አፈሩ ሳይነቃነቅ በደረቅ መጀመር አለበት። ውላችሁ ውስጥ ሦስት ነገር አስገቡ፦ ስቲላቱራው በኖራ እንዲሆን፣ ፍርካሹ ተለቅሞ እንዲወጣ፣ መከታው ከአንድ ሜትር እንዳያንስ። የእኛን መከታ ለማስጨመር ዕድሩ ወስኗል፣ ድንጋዩም ታዟል። የሚሠራው ያው የኮንሶው ልጅ ነው።